ከ«ወለተ» በኋላ ያለው ዝምታ

ባለፈው ሳምንት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ጣሪያው ግማሽ ብቻ በቀረ ክፍል፣ ተመላሾችን የሚመዘግብ፣ የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ከተቀመጠበት የፕላስቲክ ወንበር ቀና ብሎ ሳያየኝ «ሚኑ ብያዕርፋክ፣ ያ ሐጅ?» አለኝ። እዚህ ማን ያውቅሃል ማለቱ ነው፤ ሐጅ የሚሉት ሽማግሌን ሁሉ ነው። ጥያቄው አግባብ ነው፤ ልጁንም አልወቅሰውም። ውጊያው ጋብ ካለ በኋላ ወደ ሰፈሩ የሚመለስ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይጠየቃል። ወረቀት ያለው ወረቀቱን ያሳያል፤ የሌለው «ይህ ሰው እዚህ ግቢ ይኖር ነበር» የሚል ጎረቤት ይዞ ይመጣል። የእኔ ወረቀት ከክፍሌ ዕቃ ጋር ተዘርፏል። አልጋው፣ ማራገቢያው፣ ሬዲዮው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሳይቀር ከግድግዳው ተመዝዞ ሄዷል። በሩን ከነመቃኑ ነቅለውታል። ጎረቤቶቼ ደግሞ የሉም። አንዳንዱ መተማ፣ አንዳንዱ ፖርት ሱዳን፣ አንዳንዱ ካይሮ ነው ይባላል፤ የቀሩት የት እንዳሉ አላውቅም። አላውቅም የሚለውን ቃል ሳላፍር ነው የምጽፈው። በጋዜጠኝነት ስኖር ከሁሉ በላይ የተማርኩት እሱን ነው።

«እስከ ነገ የሚያውቅህ ሰው ይዘህ ና» አለ ልጁ። «ካልሆነ ክፍሉን ለሌላ እንሰጣለን። ቤት የሌለው ሰው ብዙ ነው።»

«ኢንሻላህ» ብዬ ወጣሁ።

ስወጣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። ማዶ ካለው ቤት አንዲት ሴት በጆግ ውኃ ይዛ ደጃፏን ትረጫለች። ካርቱም የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ሙቀቱ ሲሰበር ደጅ ይረጫል፣ አቧራው ይተኛል፣ ወንበርና የገመድ አልጋ ይወጣል፣ ሰው ይቀመጣል። አሁን ሰፈሩ ባዶ ነው፤ ግድግዳው በጥይት ተበሳስቷል፤ ከሴትዮዋ ጋር የሚቀመጥ ሰው እንኳ አላየሁም። እሷ ግን ትረጫለች። የረጠበው አቧራ ሽታ ሲደርሰኝ እግሬ ቆመ። ሽታው ልክ እንደ ድሮው ነበር። ጥያቄውም ልክ እንደ ድሮው ነበር፤ «ማን ያውቅሃል?» ሁለቱ ተገናኝተው አንዲት ሴት አስታወሱኝ። ይህን ጥያቄ እዚሁ ዴም ውስጥ፣ ከእኔ በባሰ ቦታ ሆና የመለሰች ሴት ናት።

ዓመቱን አልጠቅስም፤ መንግሥታቱም እየመጡ የሚሄዱ ስለነበሩ በእነሱ መቁጠር አይቻልም። ሻይ በጥቂት ግርሽ፣ በሳንቲም፣ የሚጠጣበት ዘመን ነበር ብል ይበቃል። ዛሬ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ የሚከፈለው ያኔ በግ ያስገዛ ነበር። ከመሐል ከተማው ገበያ፣ ከሱቅ ዐረቢ፣ ወደ እኛ ሰፈር የሚመጡት ሚኒባሶች ረዳቶች በር ላይ ተንጠልጥለው «ዴም ዴም ዴም!» ሲሉ ቃሉ ከበሮ ይመስል ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት የሆነ፣ አራት ኪስ ያለው ሳፋሪ ነበር የምለብሰው፤ ቡና ዓይነት አንድ፣ ግራጫ አንድ። ሱዳናውያኑ ሴቶች ቶባቸውን፣ ያን ገላቸውን የሚጠቀልሉበትን ረጅም ልብስ፣ እንደ ሸራ ነፋስ እያስገቡበት ያልፋሉ፤ የሎሚ፣ የሰማይ፣ የጽጌረዳ ቀለም። የእኛ ልጆች ሊቢያን አስበው የመጡት ጂንሳቸውን በገመድ አስረው በየማዕዘኑ የቀን ሥራ ይጠብቃሉ። መንገዱ ጥግ ላይ ከነበረው የፀጉር አስተካካይ ሱቅ የእኛ ካሴት ይዘፍናል፤ ከፊት ለፊቱ ካለው ፉል ቤት የሱዳኑ። የሁለቱ ዜማ ዝምድና ስላለው አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ሲሰማ እንኳ አይጣሉም ነበር። ከሰዓት በኋላ ሀቡብ ሲነሣ፣ ያ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ከበረሃ መጥቶ ከተማውን ሲውጥ፣ ሁለቱም ካሴት እኩል ይዘጋል። አቧራው ሲያልፍ እኩል ይከፈታል።

የተከራየሁበት ግቢ መሐሉ ሜዳ፣ ዙሪያው ክፍል ነበር። በሩ ላይ ለአላፊ አግዳሚ የሚሆን ትልቅ የውኃ ገንቦ ቆሟል፤ እነሱ ዚር ይሉታል። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሁለት ሴቶች ይኖሩ ነበር። አንዷ ሐዋ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ምላሷ የሚቆርጥ፣ ሳቋ ከሱቅ ዐረቢ የሚሰማ። በሰው ቤት ተመላላሽ ትሠራለች። ሌላዋ ታንጉት ነበረች፤ ከጎንደር ወዲያ ቆላውን ይዞ ካለ አገር የመጣች። ታንጉት ሪያድ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ ስለሆነች ወደ ግቢያችን የምትመጣው በዕረፍቷ ቀን፣ ዓርብ ዓርብ ነው። እንደገባች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ገንቦውን ታያለች። ከጎደለ ትሞላለች፤ ከዚያ ራሷ ትጠጣለች። ረጅም ናት፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ። ስትዘፍን ዜማ ትስታለች፤ ሐዋ በዚህ ሁልጊዜ ትቀልድባት ነበር።

ሪያድ ቪላው ውስጥ ግን ታንጉት አልነበረችም። ዘይነብ ነበረች። ክፉ ታሪክ አይደለም። ሲት ኢልሃም፣ የቤቱ እመቤት፣ መጀመሪያ የቀጠረቻት ሠራተኛ ዘይነብ ትባል ነበር። እሷ ስትሄድ ልጆቹ ስሙን ስለለመዱ ሁለተኛዋም ዘይነብ ተባለች። ታንጉት ሦስተኛዋ ናት። የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማውን፣ ሲያወጡላትም በዚያው ስም አወጡላት። ደመወዟ በወቅቱ ይከፈላል፣ ማንም አይመታትም፣ በዓል ሲሆን ልብስ ይገዛላታል። ስለዚህ ሲጠሯት አቤት ትላለች። ብዙ ሰው ካርቱም ውስጥ እንዲህ ነበር የሚኖረው፤ አንድ ስም ለፖሊስ፣ አንድ ለአሠሪ፣ አንድ ለጓደኛ። እኔም ለፖሊሱ «ሐበሺ»፣ ለሹማምንቱ «ኡስታዝ»፣ ለጋዜጣዬ ከዜናው ሥር የምትገባ ትንሽ መስመር ነበርኩ። አንዱም አልዋሸም፤ አንዱም እኔን አያውቀኝም።

አንድ ዓርብ ታንጉት ለብዙ ጊዜ ሳትሄድ የቀረችበት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ይህን በዓይኔ አላየሁም፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደጁ ተረጭቶ ተቀምጠን ራሷ የነገረችን ነው። ለጸሎት ስም የሚያስጠሩ ሴቶች ተሰልፈዋል። አባታችን፣ ጺማቸው ነጭ የሆነ ሽማግሌ ቄስ፣ ተራዋ ሲደርስ «የክርስትና ስምሽ ማን ነው ልጄ?» አሏት።

«ምን አልሻቸው?» አለች ሐዋ።

«ዘይነብ።»

ሐዋ ወንበሯን ይዛ ወደ ኋላ እስክትወድቅ ሳቀች። «ወላሂ? ቤተ ክርስቲያን መሐል? ለቄሱ? አይ የእኔ እህት፣ ግድ የለም፣ እኛ እንቀበልሻለን!»

ታንጉት አልሳቀችም። ሐዋም ፊቷን ስታይ ወንበሯን አቃናች።

«ሴቶቹም እንደ አንቺ ሳቁ» አለች ታንጉት። «ሳቁ ግድ አልሰጠኝም። ላስተካክል ብዬ አፌን ስከፍት የለም። ወለተ… አልኩ። ወለተ ምን እንደሆነ ጠፋኝ። እናቴ ነግራኛለች፤ አንድ ቀን ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ነግራኛለች። ውኃው ትዝ ይለኛል። ልብሱ ትዝ ይለኛል። ስሙ የለም።»

«እናትሽ ጋ አስደውለን እንጠይቃለና» አልኩ፤ መረጃ ከጠፋ ምንጭ መፈለግ ልማዴ ነው።

«ሞታለች፣ ጋሼ። ክርስትና እናቴም ሞታለች።»

ሐዋ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ታዲያ ቄሱ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ የሚስቁትን ተቆጡ። ቀጥለው ‹ስሙ የጠፋው ከአንቺ ነው፤ ከእሱ አልጠፋም› አሉኝ። ከዚያ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው ጸለዩ። ስሜ ጋ ሲደርሱ ወለተ አሉና ዝም አሉ። እስትንፋስ አንድ ጊዜ እስኪወጣ ያህል። ከዚያ ቀጠሉ።»

እኔ ያን ጊዜ የሃይማኖት ሰው ነኝ ለማለት አልደፍርም። ጾም እይዛለሁ፣ በዓል አከብራለሁ፣ ከዚያ ያለፈውን ለሌሎች ትቼ ነበር። የቄሱን መልስ እንደ ጥሩ ማስተዛዘኛ ቆጥሬ አለፍኩት። የተዛነፈ መረጃ አለ፣ ማረም አልተቻለም፣ ሽማግሌው በዘዴ ዘለውታል፤ እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

በሳምንቱ ከሻ ወጣ። ከሻ በዚያ አገር የፖሊስ አፈሳ ነው። ሱቅ ዐረቢ ላይ መኪና አቁመው ሐበሻ የሚመስለውን ሁሉ ይጭናሉ፤ ወረቀት ያለው ያሳያል፤ የሌለው ዳሚን፣ ማለት ዋስ፣ እስኪመጣለት ጣቢያ ይቀመጣል። ዋሱ መጥቶ «አውቀዋለሁ» ካለ ይለቀቃል፤ ካልመጣ ወደ ድንበር ይጫናል። የዚያ ከተማ ኑሯችን በሙሉ በዚህች አንድ ቃል ላይ የቆመ ነበር፤ «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ያለው ይኖራል። ቀትር ላይ ሐዋ ሻሿ ወደ አንገቷ ተንሸራቶ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማዋን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«አያ ደምሴ! ታንጉትን ይዘዋታል። ዴም ጣቢያ ናት። ተነሥ!»

«ኢቃማ አላት እኮ። እመቤቲቱ ይዛላት ትምጣ።»

«መጥታለች! ወረቀቱንም ይዛለች! ያቺ እብድ ግን አይደለሁም ብላ ተቀምጣለች።»

«ምን አይደለሁም?»

«ዘይነብ አይደለሁም! ተነሥ አልኩህ!»

ራክሻ፣ ባለ ሦስት እግር ታክሲ፣ ይዘን፣ በጉድጓዱ ሁሉ እየነጠርን ደረስን። ጣቢያው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሁለት ክፍል ነው፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ዝንብ ላለማስቸገር ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል። ጠረጴዛው ኋላ አንድ ሻዊሽ፣ ሃምሳ አለቃ ማለት ነው፣ ጢሙን በጥንቃቄ የከረከመ ጎልማሳ፣ ተቀምጧል። ከፊቱ ሲት ኢልሃም፤ ቶቧ ቀለል ያለ ብጫ፣ የኹምራ ሽቶዋ ክፍሉን ሞልቶታል። ታንጉት ግድግዳው ሥር ቆማለች፤ እጇን አጣምራለች።

«ያ ዘይነብ» ትላለች ሲት ኢልሃም፣ በእውነት ተጨንቃ፤ «ምን ነክቶሽ ነው? አይዋ፣ ነኝ በዪና እንሂድ። ልጆቹ ምሳ አልበሉም።»

«ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፣ ሲቴ። ዘይነብ ግን አይደለሁም።»

ሻዊሹ ኢቃማውን አነሣ፤ ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ። «ፎቶው የአንቺ ነው።»

«አዎ።»

«ስሙስ?»

«የእኔ አይደለም።»

«ስሚ፣ አንቺ ሴት። ነኝ ካልሽ አሁን ወደ ሪያድ ትሄጃለሽ። አይደለሁም ካልሽ ይህ ወረቀት የሐሰት ነው፤ ከሰዓት በኋላ መኪናው ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላባት ይወጣል። አንድ ቃል ነው። ያላ።»

«አይደለሁም።»

ሲት ኢልሃም ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሐዋ በአማርኛ «ነኝ በይ! ውጪ ስትወጪ ታንጉት ትሆኛለሽ!» ብላ ጮኸች። ሻዊሹ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ! ከእኔ ጋ ነው የምታድረው!»

«ኢቃማሽን አሳዪኝ።» ሐዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የሷም አልታደሰም ነበር።

ከዚያ እኔን አየኝ። የጋዜጠኛ መታወቂያዬን አሳየሁት። ድምፁ ለስለስ አለ። «አህለን፣ ያ ኡስታዝ። አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

«አውቃታለሁ።»

«የአባቷ ስም?»

«አላውቅም።»

«የተወለደችበት ቀበሌ?»

«ከጎንደር ወዲያ ነው። ስሙን አላውቅም።»

«ዕድሜዋ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምታውቀው?»

የማውቀውን ነገርኩት። ግቢ ስትገባ መጀመሪያ ለመንገደኛው ገንቦ ውኃ እንደምትሞላ፣ ስትዘፍን ዜማ እንደምትስት፣ እስከ ዛሬ ዋሽታኝ እንደማታውቅ። አጠገቡ የነበሩት ወጣት ፖሊሶች ተሳሳቁ። ሻዊሹ አልሳቀም። «ያ ኡስታዝ፣ ይህ ማወቅ አይደለም» አለኝ በትሕትና።

«ልክ ነህ» አልኩት። ልክ ነበር። ሥራዬ ሰውን ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ ብሎ መጠየቅ ሆኖ ሳለ የጎረቤቴን ሦስቱንም አላውቅም ነበር።

«እንግዲህ» አለ ሻዊሹ ወደ ታንጉት ዞሮ፤ «እመቤትሽ የምታውቀው ዘይነብን ነው። ጓደኛሽ ወረቀት የላትም። ኡስታዙ አያውቅሽም። የሚያውቅሽ ሰው የለም ማለት ነው።»

«እኔም ራሴን ሙሉ በሙሉ አላውቅም» አለች ታንጉት፤ ዐረብኛዋ የሪያድ ልጆች ያስተማሯት ንጹሕ ዐረብኛ ነበር። «የተጠመቅሁበትን ስም ረስቻለሁ። የሚያውቀኝ ግን አለ።»

«ማን?»

«ረቡና።» ጌታችን ማለቷ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያ አገር እንዲሁ ነው የሚለው።

ወጣቶቹ ፖሊሶች በሳቅ ፈነዱ። አንዱ «ጥሩ ነዋ! ዳሚን ይሁንሽ! አምጪውና እዚች ላይ ይፈርም!» አለ፤ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ።

ታንጉት ልጁን ረጋ ብላ አየችው። «አላመጣውም። አንተ ሳትገባ በፊት እዚህ ነበር። አንተ ነህ ያላየኸው።»

ሳቁ ቆመ። ያው ልጅ በሹክሹክታ «አስተግፊሩላህ» ሲል ሰማሁት። ሻዊሹ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ጢሙን ዳሰሰ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ይህ ግን በሥራው ውስጥ አልተጻፈም።

«ይህን ቃል ሐሰት ነው ልልሽ አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ሐሰት ነው ካልኩ ዛሬ ዐሱርን ምን ብዬ እሰግዳለሁ? ወረቀት ላይ ግን ላሰፍረው አልችልም። ኸላስ፣ በቃ፣ ቁጭ በዪ።»

ሲት ኢልሃም ተነሣች። የተናደደች አትመስልም፤ የተከፋች ነው የምትመስለው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ «ስምሽን አንድ ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ እጠራሽ ነበር» አለቻት።

«መጀመሪያ ቀን ነግሬሽ ነበር፣ ሲቴ» አለች ታንጉት።

ያን ዕለት መኪናው ያለ እሷ ወጣ። ሻዊሹ አላሳፈራትም፤ አልለቀቃትምም። ምን እንደሚያደርጋት አያውቅም ነበር። ቀናት አለፉ፤ እኔ ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፤ ሐዋ ምግብ ታቀብላለች፤ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ «ያቺ ዳሚኗ ትልቅ የሆነው» ይላታል፤ መጀመሪያ በፌዝ፣ ኋላ በለመደ አፍ። አንድ ጠዋት ሻዊሹ ጠራኝ። «ትፈርምላታለህ?»

«አታውቃትም ብለኸኛል እኮ።»

«አታውቃትም። ግን አልዋሸኸኝም። እሷም አልዋሸችኝም። ከሁለታችሁ በቀር በዚህ ሳምንት እዚህ ገብቶ ያልዋሸ ሰው አላየሁም።»

ፈረምኩ። ታንጉት የሚል ስም ላይ። አንድን ነገር ከሁለት ምንጭ ሳላረጋግጥ ጽፌ አላውቅም፤ ያን ቀን አንድ ምንጭ ብቻ ነበረኝ፤ እሱንም ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያየው ሰው የለም።

ከሐዋ ጋር በራክሻ ስንመለስ መንገድ ላይ ተቆጣኋት። እውነቱን ለመናገር፣ ስንት ሰው በአንድ «ነኝ» ሕይወቱን እንዳተረፈ አውቅ ስለነበር ተቆጣሁ። ሥራ የላት፣ ኢቃማ የላት፣ ልብሷ እንኳ ሪያድ ቀርቷል። «ለአንድ ስም ብለሽ!» አልኳት።

«ስም ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፣ ጋሼ። እነሱ ሰጡኝ፣ ወሰድኩት፣ ሠራሁበት። ዓርብ ዕለት ግን ለእሱ ለራሱ ዘይነብ ነኝ አልኩት። የሚያውቀኝ ፊት ቆሜ! ከዚያ ወዲህ በዚያ ስም አቤት ማለት አቃተኝ።»

«ቢያባርሩሽስ ኖሮ?»

«ወደ የት? እሱ የማያውቀኝ አገር ንገረኝና እፈራለሁ።»

ራክሻው ጉድጓድ ገባ፤ ሦስታችንም ጣሪያው መታን። ሐዋ አናቷን እያሸች «ያላህ! ፈሪ ብታደርጋት ምን ነበረበት?» አለች። ታንጉት ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን በር ላይ፣ ከአንድ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ መሸጥ ጀመረች። ዝቅ ያለች በርጩማ፣ የከሰል ምድጃ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል በጠርሙስ። ሻዊሹ ራሱ አንዳንዴ መንገዱን አጣሞ ይመጣል፤ ብርጭቆውን ሲቀበል «ዳሚንሽ እንዴት ነው?» ይላታል። «እንደምታየው» ትለዋለች። ይኸው ነበር ሰላምታቸው። ከሻ በወጣ ቁጥር ሌሎቹ ሴቶች ሲበተኑ እሷ ከበርጩማዋ አትነሣም ነበር። ሁለት ጊዜ ወስደዋታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሳ በዚያው ዛፍ ሥር ከሰሏን አቀጣጥላለች።

እኔም አንድ ዓርብ ያቺን ዝምታ በጆሮዬ ለመስማት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የማረጋገጥ ልማድ ነው፤ ሌላ ምክንያት ነበረኝ ብዬ አላስጌጥም። አባታችን ስሞቹን እየጠሩ ወረዱ፤ ኃይለ፣ ገብረ፣ ወልደ፣ ወለተ እያሉ፣ እያንዳንዱን ከነሙሉው። እሷ ጋ ደረሱ። «ወለተ…» አሉ፤ ቆሙ። የሳለ ሰው የለም። ዕጣን ያዡ ዲያቆን እንኳ እጁን አልነቀነቀም። ከዚያ ቀጠሉ። ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ መሪዎች ሲምሉ፣ ጄኔራሎች ሲያውጁ ቆሜ ጽፌያለሁ። እንደዚያች ባዶ ቦታ የሞላ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ባዶ ውስጥ አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ይታወቅ ነበር። እኔ በሦስት ጥያቄ አውቀዋለሁ ያልኩት ሰው ሁሉ፣ ያኔ፣ ምን ያህል ሳላውቀው እንዳለፈኝ ገባኝ። ደግሞ፣ ይህን ለማንም ሳልናገር፣ እኔም እንደዚያ ታውቄ እንደሆነ አሰብኩ፤ «ሐበሺ» ሳይሆን፣ «ኡስታዝ» ሳይሆን። ወደ ቤት ስመለስ በእግሬ ነበር፤ ሙቀቱን አላስታውሰውም።

ኋላ አባታችን ሞቱ፤ ወጣት ቄስ ተተኩ። እሳቸውም ወለተ ብለው ዝም ይሉ ነበር። ምክንያቱን ያውቁት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። የምእመናኑ ልጆች ዝምታው የሥርዓቱ አካል ይመስላቸው ነበር።

ከዚያ ይህ ጦርነት መጣ። ከካርቱም በወጣሁበት ጠዋት ታንጉት ኒሙ ሥር ነበረች፤ ሰማዩ እያጓራ ከሰል ታቀጣጥል ነበር። «ነይ እንሂድ» አልኳት። «ውኃ የሚፈልግ ሰው ያልፋል፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ገንቦውን እያሳየችኝ። ሐዋ ወደ ድንበሩ ሄደች፤ ከመተማ አንድ ጊዜ ደውላልኛለች፤ ከዚያ ስልኳ አይሠራም። ስለ ታንጉት ሁለት ወሬ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አንዱንም ስላላረጋገጥኩ አንዱንም አልጽፍም። አንድ ነገር ግን አልቀበልም። ስለዚህ ከተማ ሰው ሲጽፍ «የት እንደደረሱ ማንም አያውቅም» ይላል። እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ አልጽፈውም። እኛ አናውቅም ማለት እውነት ነው። ማንም አያውቅም ማለት ግን ያልተረጋገጠ ወሬ ነው፤ ያረጋገጠልኝ ሰው የለም፤ የሚያስተባብለውን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ልጁ ተመለስኩ።

«ሰው አመጣህ፣ ያ ሐጅ?»

«አላመጣሁም። የሚያውቀኝ ግን አለ።»

«የት ነው?»

«ረቡና።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ የልጅ ዓይን ነው። «እሱማ ሁላችንንም ያውቀናል።»

«እሱን ነው የምልህ።»

«ዳሚን አይሆንም እኮ ይሄ።»

«አንድ ጊዜ ሆኗል። እዚሁ ዴም።»

ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። «ክፍሉን ለሌላ እንሰጣለን፣ ወላሂ።»

«የሚመጣው ቤት ያጣ ሰው ከሆነ ይምጣ፤ ቦታ አለ፣ አብረን እንተኛለን። የማላውቅህ ነህ ውጣ የሚለኝ ከሆነ ግን አልወጣም። የት እንዳለሁ ታውቃለህ።»

ወጥቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ኒሙን ለማገዶ ቆርጠውታል፤ ጉቶው አለ። ገንቦው ከአፉ ተሰብሯል፤ ግማሹ አሁንም ውኃ ይይዛል። ማዶ ካለችው ሴት ጆግ ተውሼ ሞላሁት። ከዚያ በር በሌለው ደጄ ላይ አንድ እግሯ የጎደለ ወንበር በጡብ ደግፌ ተቀመጥኩ። እስካሁን ማንም አልመጣም፤ ቢመጣም እዚሁ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት እዚያው ቆሜ እጸልያለሁ። በር ስለሌለ ድምፄ ወደ መንገድ ይወጣል፤ ዝቅ አላደርገውም። የራሴን የክርስትና ስም አውቀዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ ለሚያውቀው ይበቃል። የግቢውን ሰው አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ ሐዋንም እጠራታለሁ፤ እስላም ነኝ ብላ ትቆጣ እንደሆነ ስንገናኝ ትጣላኛለች። መጨረሻ ላይ «ወለተ…» እላለሁ። ዝም እላለሁ። ወታደር ቢያልፍም፣ መኪና ቢያልፍም፣ እስትንፋሴ አንድ ጊዜ እስኪወጣ ድረስ አልቀጥልም።